ባዶ እጅና የገና ማዕድ

በገዳሪፍ ሜዳ የማሽላው ዛላ የሚቆረጥበት ወቅትና የገና ጾም የሚያበቃበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ሰሊጡ ቀደም ብሎ ታጭዶና ተራግፎ ለነጋዴ ተሰጥቷል፤ ዱራው ግን ገና በሜዳው ላይ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ ወርደው፣ መተማን ተሻግረው ለሥራ የመጡት ወጣቶች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ሒሳባቸውን የሚተሳሰቡትም በዚሁ ሰሞን ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ወደ አገር መውጣት ወይስ እዚሁ መክረም? በወዲያኛው በኩል ደግሞ ከኅዳር 15 ቀን ጀምራ ጾመ ነቢያትን የያዘች እናት የጎረቤት ስልክ ተውሳ ትደውላለች። «ለገና ትመጣለህ ወይ ልጄ?» ትላለች። «እስኪ እግዜር ያውቃል እማዬ» ይላል ልጁ።

በቆላው የኖረ ሰው የዚህን መልስ ትርጉም አያጣውም። ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ያለው መንገድ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጋላባትንና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸውም አንድ ጅረት ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁን የሚያስቀረው የመንገዱ ርዝመት ብቻ እንዳልሆነ እናቲቱም ታውቃለች። ጋቢ ለአባት፣ ነጠላ ለእናት፣ ጫማ ለታናናሾች፣ ለበጉና ለዶሮው መግዣ የሚሆን ገንዘብ ሳይዙ በአባት ደጃፍ መቆም ያሳፍራል። ያንድ ዓመት ኀፍረት ደግሞ ለሁለተኛው ዓመት ይተላለፋል። የቀረበት ዘመን በረዘመ ቁጥር ይዞት ሊገባ የሚጠበቅበትም ነገር እየበዛ ይሄዳልና። በቆላው አነጋገር «ሳሉግ» የሚባለው፣ የሥራው ወቅት ሲያበቃ ወደ ቀየው ሳይመለስ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ የሚኖረው ሠራተኛ፣ በከፊልም ቢሆን የዚህ ኀፍረት ልጅ ነው።

ይህን ኀፍረት ድህነት እንደሚወልደው አይካድም። የሚያሳድገው ግን ማን ነው? ይህ ጸሐፊ ከአሳዳጊዎቹ መካከል የበዓል ኪነ ጥበባችንን ይቆጥራል። በየዓመቱ ለገና የምንሰማቸው ዘፈኖች፣ የምናያቸው ድራማዎችና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ስለሚመለስ ልጅ አንድ ዓይነት ሥዕል ይስሉልናል፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ ደግሞ ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ቦታ የለውም። የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ይህን ሥዕል መመርመር፣ ቀጥሎም ከእርሱ የተለየ መንገድ የመረጡ ሁለት ፊልሞችን ማየት፣ በመጨረሻም በዓሉ ራሱ ስለ ተመላሽ ልጅ ምን እንደሚል መጠየቅ ነው።

የሻንጣው ሥዕል

የበዓሉን ሥዕል አንባቢ በቃሉ ያውቀዋል። ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፤ ቡናው ይጨሳል፤ የዶሮው ወጥ ሽታ እስከ አጥሩ ይደርሳል። ድንገት ውሻው ይጮኻል፣ በሩ ይንኳኳል፣ እናት እልል ትላለች። የመጣው ልጅ ወፍራም ነው፣ ልብሱ አዲስ ነው፣ ከኋላው ሰው የተሸከመለት ሻንጣ አለ። ጥቂት እንባ ከፈሰሰ በኋላ ሻንጣው ይከፈታል። ከዚህ በኋላ ያለው ትዕይንት የልጁም የእናቲቱም መሆኑ ይቀርና የሻንጣው ይሆናል፤ ካሜራውም ፊት ለፊት ተያይተው ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች ይልቅ ከሻንጣው በሚወጡት ዕቃዎች ላይ ይቆያል። በዘፈኖቹም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ናፍቆቱ በአብዛኛው የሄደው ሰው ናፍቆት ነው፤ ቤቱ እርሱ ጥሎት በሄደበት ቀን እንደነበረ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እናትም ከምድጃው ሳትነሣ፣ ሳታረጅ፣ ሳትከፋ፣ ሳትቆጣ ዓመታቱን ታሳልፋለች።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። እነዚህ ዘፈኖች በስደት ለኖረ ሰው ያደረጉትን መልካም ነገር መካድ ውለታ ቢስነት ነው። በገዳሪፍም ሆነ በካርቱም በዓልን ብቻውን የዋለ ሰው፣ ሌላ ሁሉ ሲቀርበት የቤቱን ሽታ ያመጣለት ካሴት ነበር። የጥላሁን ገሠሠና የመሐሙድ አሕመድ ድምፅ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሳይቀር አንድ ቤት አስቀምጦ ሲያስደምጠን ኖሯል። ነቀፌታዬ በናፍቆቱ ላይ አይደለም። ናፍቆት ሥዕል ሲሆን የሚጥለው ነገር አለ፤ እኔ የምጠይቀው የተጣለውን ነው። የሚያብረቀርቀው ሻንጣ በቴሌቪዥን መስኮት በታየ ቁጥር፣ በአንድ የገዳሪፍ መደብ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ወጣት «እንዲህ ሆኖ ነው መግባት» ብሎ ለራሱ ይፈርዳል። ፍርዱ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

የአንድ ሚሊዮን እንግዳ ገና

በ2014 ዓ.ም. ይህ ሥዕል ከቴሌቪዥን መስኮት ወጥቶ የአገር ጥሪ ሆኖ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ የሚኖሩ አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና የአገሪቱ ወዳጆች ለታኅሣሥ 29 ቀን ገና ወደ አገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ አቀረቡ። አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች፤ ጥሪውም የፖለቲካም የኢኮኖሚም ዓላማ ነበረው። እንዲያም ሆኖ ለዓመታት ያላየውን ልጁን በዚያ ገና ያቀፈ ቤተሰብ ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ያንን ደስታ ማንም ሊያናንቀው አይገባም።

ይሁን እንጂ ጥሪውን እንደ አንድ የባህል ሥራ፣ እንደ አንድ ትልቅ የበዓል ድራማ ብናነበው፣ የመድረኩ በር አንድ ብቻ እንደነበር እናስተውላለን፤ እርሱም ቦሌ ነው። ተመላሹ በአውሮፕላን የሚመጣ፣ ሻንጣ የሚያስገፋ፣ የውጭ ገንዘብ የሚመነዝር ሰው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ቀያቸውን የለቀቁ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ገናን የዋሉት በምሥራቅ ሱዳን ነው። ከፊሎቹ ድንበሩ ላይ ባለችው በሃምዳይት፣ ሌሎቹም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን ስደተኞችን ባስጠለለችውና እንደገና በተከፈተችው በኡም ራኩባ ነበሩ። በዚያ ገና ልጅ ወደ እናቱ ቤት መመለሱ ቀርቶ፣ እናትና ልጅ በአንድ የፕላስቲክ ሸራ ሥር ሆነው የሚመለሱበትን ቤት ያስቡ ነበር። ሁለቱን በዓላት ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንዱን በሌላው ለመውቀስ አይደለም። «ለገና ወደ ቤት መግባት» የምንለው ነገር ምን ያህል ጠባብ በር እንደተሠራለት ለማየት ግን ይረዳል። የመተማና የሃምዳይት መንገድ የተመላሽ መንገድ ሆኖ በበዓል ሥዕላችን ውስጥ አልተሣለም።

«ጤዛ»፦ ጎድሎ የተመለሰ ልጅ

የተለየ ሥዕል የለንም ማለት ግን አይቻልም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የበዓል ፊልም አይደለም፤ ሆኖም የጎለመሰ ልጅ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ምን እንደሚሆን የእርሱን ያህል በድፍረት የጠየቀ የአማርኛ ፊልም ይህ ጸሐፊ አላየም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል፤ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ተቀብሏል።

ባለታሪኩ አንበርብር ሕክምና ሊያጠና ጀርመን ሄዶ፣ አብዮቱን በአዲስ አበባ አይቶ፣ ዳግመኛ ወደ ጀርመን ተልኮ፣ በመጨረሻ በደርግ ዘመን ማብቂያ ጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። የተመለሰው ግን ዘረኞች ባደረሱበት ጥቃት እግሩን አጥቶ ነው። ሻንጣ ይዞ ሊመጣ ሲጠበቅ ክራንች ይዞ መጣ። ሌሊት እየባነነ ይጮኻል፤ እናቱ ጠበል ታስረጨዋለች። የመንደሩ ሰው የተማረውን ልጅ ሲጠብቅ የመጣው የተሰበረ ሰው ሆነ። በበዓል ድራማዎቻችን ሕግ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ደጃፉን ባልረገጠ ነበር። የኃይሌ ታላቅነት ልጁ ደጃፉን ከረገጠ በኋላ ታሪኩን መጀመሩ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ሁለተኛው ነጥብ ቤቱ ቆሞ ያልጠበቀ መሆኑ ነው። አንበርብር በሌለበት ዘመን እናቱ ሕይወቷን ኖራለች። ኅብረተሰቡ ያገለላትን አዛኑ የተባለች ሴት አስጠግታለች፤ ልጁ ሲመጣ የሚያገኘው ትቶት የሄደውን ቤት ሳይሆን ሌላ ሰው የተጨመረበትን ቤት ነው። መንደሩም እንዲሁ ተለውጧል። ለውትድርና እንዳይታፈሱ የሚሸሸጉ ልጆች አሉ፤ አንድ ልጁን የተቀበለ መንደር በዚያው ጊዜ ሌሎች ልጆቹን ይደብቃል። ተመላሹ እንግዳ ሆኖ የሚስተናገድበት ጊዜ አያገኝም፤ የቤቱንና የመንደሩን ጭንቀት ወዲያው መካፈል አለበት። በፊልሙ መጨረሻ ላይ አንበርብር ለመንደሩ የሚሰጠው ከውጭ ያመጣውን ዕቃ ሳይሆን ራሱን ነው፤ ልጆችን ያስተምራል።

ፊልሙ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚሄደው በዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ትዝታ በሙሉ የአንበርብር ነው። ወደ ኋላ ስንመለስ የምንመለሰው በእርሱ ራስ በኩል ነው፤ ወደ ጀርመን፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልጅነቱ። እናቱ ብቻዋን ባሳለፈቻቸው ዓመታት ምን እንዳሰበች፣ ደብዳቤ ባልመጣበት ዓመት ምን ብላ እንዳደረች፣ አዛኑን ስታስጠጋ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደተጣላች የእርሷን ያህል ጊዜ ተሰጥቶት አናይም። የትውልዱ የፖለቲካ ሒሳብ ሰፊውን ቦታ ወሰደ፤ የጠባቂዋ ሒሳብ በማእድ ቤቱ ጥግ ቀረ። ቢሆንም እናቲቱ ልጇን «ምን ይዘህ መጣህ?» ሳትለው የምታቅፍበት ያ ቤት፣ ከብዙ የገና ድራማዎች ይልቅ ለገና መንፈስ የቀረበ ነው።

«ሂድ፣ ኑር፣ ሁን»፦ ሃያ ዓመት የጠበቀች እናት

ሁለተኛው ፊልም በቀጥታ የእኛን አካባቢ ይመለከታል። ሮማንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚሠራው ራዱ ሚሃይሊያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ፊልም ርእሱ በሦስት ትእዛዛት የተሠራ ነው፤ ሂድ፣ ኑር፣ ሁን። ታሪኩ የሚጀምረው በሱዳን የስደተኞች ካምፕ፣ ቤተ እስራኤላውያን በ«ዘመቻ ሙሴ» ወደ እስራኤል በተጓጓዙበት ወቅት ነው። ያ ዘመቻ ከኅዳር 1977 እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የተካሄደ ሲሆን፣ የተቋረጠው የዚያ ዓመት ገና ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከረሃብና ከሞት ለማዳን ስትል፣ ልጇ ከሞተባት የቤተ እስራኤል ሴት ጋር ልጇ መስሎ እንዲሄድ ትገፋዋለች። ልጁ ከእናቱ መለየት አይፈልግም፤ እርሷ ግን ፊቷን አጨፍግጋ ትሰደዋለች።

ልጁ በእስራኤል የሌላ ሰው ስም ይዞ፣ የሌላ ሰው እምነት ልጅ ተብሎ፣ በሌላ ቤተሰብ ውስጥ ያድጋል። ማታ ማታ ጨረቃን እያየ እናቱን ያነጋግራል፤ አንድ ቄስም ደብዳቤ ሊጽፍለት ይረዳዋል። ያደገው ልጅ ሐኪም ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ በመጨረሻ ለእርዳታ ሥራ ወደ ሱዳን ይመለሳል፤ በካምፑም ውስጥ እናቱን ያገኛታል። የሚሄድባት በባዶ እግሩ ነው። ሃያ ዓመት የኖረበትን ሁሉ፣ ጫማውን እንኳ ሳይቀር፣ ከኋላው ጥሎ ነው ፊቷ የሚደርሰው። ከእርሷ የሚወጣው አንድ ረጅም ጩኸት ብቻ ነው፤ ፊልሙም በዚያ ጩኸት ያበቃል።

ይህን መጨረሻ አይቶ ያላለቀሰ ሰው ቢኖር ይህ ጸሐፊ አያውቀውም። ባዶ እግሩን የሚመጣው ልጅ ከሻንጣው ሥዕል ጋር የሚጋጭ ታላቅ ምስል ነው። እናቲቱ ልጇን የላከችው እንዲኖርላት ነበር፤ መኖሩም ስጦታው ነው። ሌላ ዕቃ አያስፈልጋትም።

ግን እንባችንን ከጠረግን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህች ሴት በእነዚያ ሃያ ዓመታት የት ነበረች? ፊልሙ እዚያው ካምፕ ውስጥ አስቀምጦ ይመልሳታል። በምሥራቅ ሱዳን የኖረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ይመሰክራል። በዚያ ዘመን ወደ ካምፖቹ የገቡት ሴቶች ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ከፊሉ ወደ ገዳሪፍና ወደ ካርቱም ወጥተው በሰው ቤት ሠሩ፤ በየመንገዱ ዳር ቡናና ሻይ አፈሉ፤ ዓረብኛ ለመዱ፤ ሌላ ልጅ ወለዱ፤ ከፊሉም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚሃይሊያኑ የሰጣት ጩኸት ነው፤ ቃል ግን አልሰጣትም። «ልጄ ሆይ፣ አንተ ስትሄድ እኔ እንዲህ ሆንሁ» ብላ የምትናገርበት አንድ ደቂቃ ቢኖራት ኖሮ ፊልሙ ከልጁ ሕይወት ታሪክ አልፎ የሁለቱ ታሪክ በሆነ ነበር። በዚህ በኩል የፈረንሳዩ ፊልም የእኛን የበዓል ዘፈኖች ይመስላል፤ የሄደው ያድጋል፣ የቀረችው ግን እንደ ፎቶግራፍ በቦታዋ ትቆያለች።

ያልተመለሰችው ልጅ

ሁለቱን ፊልሞች አንድ ላይ ስናይ ሌላም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱም ተመላሾች ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው። ወደ ኋላ ሄደን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» ብናነብ፣ ከፈረንሳይ ተምሮ ወደ ተጉለት የሚመለሰው አወቀም የተማረ ወንድ ልጅ ነው፤ በአባቱ ተዝካር ሳይቀር ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው በዚያ ትምህርቱ ነው። እንግዲህ ከልብ ወለዳችን የመጀመሪያ ዘመን ጀምሮ የተመላሽ ልጅ ታሪክ በብዛት የተማረ ወንድ ታሪክ ሆኖ ቆይቷል ማለት ይቻላል። አንዱ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ ሌላው ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ግን የሚያሳዩት ነገር አላቸው።

በመተማ በኩል ያለፈው ሰው ብዛት ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ለቤት ሥራ ወደ ካርቱም የሄደችው ልጅ፣ በገዳሪፍ ገበያ ዳር ቡና የምታፈላው ልጅ፣ በየወሩ ለታናናሾቿ የትምህርት ቤት ገንዘብ የላከችው ልጅ የት አለች? ለገና ስትመለስ በሩ ላይ የሚቀበላት እልልታ ብቻ አይደለም፤ ዝምታም አለ። «ምን ስትሠራ ቆየች?» የሚል፣ በአፍ የማይወጣ፣ በዓይን ብቻ የሚነገር ጥያቄ አለ። ወንድሟ ባዶ እጁን ቢመለስ ሰነፍ ይባላል፤ እርሷ ግን ይዛ ብትመለስም ትጠረጠራለች፣ ሳትይዝ ብትመለስም ትጠረጠራለች። ለዚች ልጅ የተጻፈ የገና ዘፈን ይህ ጸሐፊ አልሰማም፤ የበዓል ድራማዎቻችንም ዘወትር ወጡን እንድትሠራ ወደ ማድ ቤት ይልኳታል። ከዚህ የሚበልጥ ለጸሐፌ ተውኔት የተከፈተ ሜዳ ከወዴት ይገኛል?

የበዓሉ የራሱ ምስክርነት

የሚገርመው፣ ስለ ተመላሽ ልጅ የምንፈልገውን መልስ በዓሉ ራሱ አስቀምጦልናል። የሉቃስ ወንጌል እንደሚተርከው ዮሴፍ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የወጣው የአባቶቹ ከተማ ስለነበረች ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ገና የአንድ ተመላሽ ሰው ታሪክ ነው። ዮሴፍ ወደ አባቶቹ ከተማ ሲገባ ሻንጣም ማደሪያም አልነበረውም፤ ነፍሰ ጡር እጮኛውን ይዞ በር ለበር ዞረ፤ የእንግዳ ማደሪያው ሞልቶ ነበር። ሕፃኑም የተኛው በግርግም ነው። የማቴዎስ ወንጌልም ቤተሰቡ ወደ ግብፅ እንደተሰደደ ይነግረናል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው የሚያፍርበት ገና እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚስማማው እንዴት ሆኖ ነው?

ሁለተኛው ምስክር የገና ጨዋታ ነው። እረኞች የልደቱን ብሥራት ሰምተው በደስታ በበትራቸው ሩር መምታታቸውን ትውፊቱ ያወሳል። በዚያ ጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ አንድ ላይ ይጋፋሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢገፋው፣ ጌታውም ቢወድቅ፣ በዚያ ቀን መቆጣት ነውር ነው። ይህ ልማድ ለአንድ ቀን ብቻም ቢሆን የሰው ማዕረግ በያዘው ነገር የማይለካበትን ሜዳ ሠርቶልን ነበር። ያንን ሜዳ ወደ ቤታችን ማስገባት ቢያቅተን እንጂ፣ ገና «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚባልበት ቀን ሆኖ አልተሰጠንም።

የሚጻፈው ትዕይንት

ይህ ሁሉ የጥበብ ክርክር ብቻ ቢመስል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ነገር እንደዚያ እንዳልሆነ አሳይቶናል። በሚያዝያ 7 ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ በሆነው ቅዳሜ፣ በካርቱም ጦርነቱ ፈነዳ። በተከታዮቹ ሳምንታትና ወራት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በገዳሪፍና በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። ሱዳናውያን ስደተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋርም ለዓመታት በሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያን። ለሃያ ዓመት ያጠራቀሙትን ቤትና ዕቃ በካርቱም ጥለው፣ አንድ ፌስታል ይዘው ድንበር የተሻገሩ ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ። የ2016 ዓ.ም. ገና፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር በታኅሣሥ 28 ቀን የተከበረው ገና፣ እንደዚህ ያሉ ልጆች በየቤታቸው የተቀመጡበት የመጀመሪያው ገና ነበር። «ይዤ ካልመጣሁ አልመጣም» ብለው ለዓመታት የቀሩ ሰዎች፣ ምርጫ አጥተው፣ ምንም ሳይዙ መጡ። ኀፍረቱን ጦርነቱ በግድ አስረሳቸው።

እነዚያ ቤቶች በዚያ ገና ምን አደረጉ? ማን ምን አለ? አባት ጋቢውን ለማን አለበሰ? የሃያ ዓመቱ ገንዘብ እንደጠፋ የሰማች እናት ከልጇ ፊት ምን ብላ ተነሣች? ይህ ጥያቄ የኪነ ጥበብ ሰዎቻችንን ይጠብቃል። ለሚመጡት በዓላት ድራማ የሚጽፍ ሰው በዚህ አካባቢ ካለ፣ ሻንጣውን ከመድረኩ እንዲያወጣው እንለምነዋለን። በሩ ይንኳኳ። ልጁ ወይም ልጅቱ በሩ ላይ ይቁሙ፤ እጃቸው ባዶ ይሁን። እናቲቱ ከምድጃው ተነሥታ ትምጣ፤ እድሜዋ ይታይ፣ ድካሟም ይታይ፣ ቁጣዋም ካለ ይውጣ፤ በሌሉበት ዘመን ያሳለፈችውን ለመናገር ጊዜ ይሰጣት። ከዚያ በኋላ ቀኑ ገና ነውና፣ ስለያዙት ነገር ሳትጠይቅ፣ በማዕዱ ዙሪያ ወንበር ትጨምር።

ያን ዓይነት ትዕይንት በቴሌቪዥን የሚያይ፣ በገዳሪፍ መደብ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ስልኩ ሲጮኽ መልሱን ይለውጥ ይሆናል። «እማዬ፣ ምንም የለኝም፤ ግን እመጣለሁ» ይል ይሆናል። ከአንድ የበዓል ድራማ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አንጠብቅም። ይህንንም ቢያደርግ ዋጋው ትንሽ አይደለም።